የጳጉሜ ዝናብ በባሕር ላይ

ነሐሴ 20
ጠዋት እዚሁ ሮም፣ ኤስኲሊኖ ገበያ። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ለእማማ ሪታ የበሰለ ኮክ። ጠንካራውን ጥርሳቸው አይችልም። ከሰዓት ልብስ ስተኩስ ዋልኩ። ሙቀቱ አይጣል ነው።
አመሻሽ ላይ ልጃቸው ሊዮናርዶ ደወለ። "አሎራ ለተንኪኤል፣ ማማን ክሮቼራ ልወስዳት ነው። በትልቅ መርከብ፣ ስምንት ቀን። አንቺም ትመጪያለሽ።" ደስ አለኝ። ቀጠለና... በጥቅምት ኦስቲያ ያለው የአረጋውያን ቤት ክፍል ይለቀቅለታል። "እዚያ ከመግባቷ በፊት ትንሽ ትደሰት ብዬ ነው" አለ።
"ቫ ቤኔ" አልኩ፣ እሺ። ሌላ ምን እላለሁ? ዘጠኝ ዓመት ባዳንቴያቸው፣ ተንከባካቢያቸው ነኝ። ቤቱ የሳቸው፣ ልጁም የሳቸው።
"ማነው የደወለው?" አሉ እማማ ከመስኮቱ አጠገብ። በአማርኛ። አሁን አሁን ሁሉም ነገር በአማርኛ ነው።

ነሐሴ 25
ሻንጣ ሳዘጋጅ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። ሥራ የጀመርኩ ቀን ሊዮናርዶ ያለኝ... "ከማማ ጋር በጣልያንኛ ብቻ። እንዳትረሳው።"
አንድ ወር ሞከርኩ። አንድ ቀን ሾርባ ሳቀርብላቸው "ጨው አነሰው" አሉ በአማርኛ። "ልጨምርልዎ?" አልኩ። በዚያው ቀረ። ካዛንቺስ ነው የተወለዱት፤ አባታቸው ጣልያን፣ እናታቸው አበሻ። እንደዚያ የሚያወራቸው ሰው ከሞተባቸው ስንት ዓመቱ...
አሁን ጣልያንኛው ከአፋቸው ጠፋ። ሐኪሙ እርጅና ነው ይላል። እኔ ብሆንስ ያጠፋሁት?
ሊዮናርዶ አማርኛ አይሰማም። እናቱ ሲያወሩ እንዲሁ የሚቀባጥሩ ይመስለዋል። እኔም ነግሬው አላውቅም። ብነግረው ቃሌን ማፍረሴ ይታወቃል።

ነሐሴ 29
ከቺቪታቬኪያ ወደብ ተሳፈርን። ፎቁን ቆጥሬ አሥራ አራት ላይ ተወናበድኩ። ሱቅ፣ ሲኒማ፣ የሰው ብዛት። እማማ ሪታ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ሆነው ዙሪያቸውን አዩ። "ይኼ መርከብ ነው መርካቶ?"
ከሳቸው ጋር አንድ ካቢና ነን። ሊዮናርዶ ቀጥሎ ባለው።

ጳጉሜ 1
ይህን የምጽፍበት ደብተር ፋርማሲ የሰጠኝ ነው። ቀኖቹ የፈረንጅ ናቸው፤ ጳጉሜ የሚባል የላቸውም። ከላይ በእጄ እጽፋለሁ።
ካቢናውን የሚያጸዳው ሰውዬ ሲመጣ አልጋውን አንጥፌ፣ መታጠቢያውን ፈትጌ ጨርሻለሁ። ትናንትም እንዲሁ። "ሲኞራ፣ ሥራዬን አልወደዱትም?" አለኝ ተጨንቆ። አፈርኩ። እንዴት ብዬ ላስረዳው? ተቀምጬ ሰው ሲጠርግልኝ ማየት አልችልም።
እራት ላይ እማማ ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩት። "ፀጉሩ መሳሳቱን አየሽ? አባቱም እንደዚሁ ነበር የጀመረው።" ሊዮናርዶ ፈገግ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።
"ምስኪን... ዝም ብላ ትለፈልፋለች፣ አይደል?"
ራሴን ነቀነቅኩ። አዎ ብዬ!

ጳጉሜ 2
ባርሴሎና። ከወደቡ ብዙም አልራቅንም። አንድ ዓረፍተ ነገር በጣልያንኛ እየደጋገምኩ ዋልኩ። አልወጣም።

ጳጉሜ 3
ሳልረሳው ልጻፈው።
ከምሳ በኋላ ነው። ዙሪያው ባሕር ብቻ። ላይኛው ፎቅ መዋኛው አጠገብ ተቀምጠናል። ሰማዩ ጠቆረና ድንገት ወረደው። ሰዉ ሁሉ ፎጣውን እየጎተተ ወደ ውስጥ ሮጠ። እኔም ወንበራቸውን ገፍቼ ጣራ ሥር አስጠጋኋቸው።
"ዛሬ ስንት ነው?" አሉ።
"ጳጉሜ ሦስት።"
"ሩፋኤል! ታዲያ እዚህ ምን ጎለትሽኝ?"
"ይበርድዎታል እኮ፣ እማማ።"
"በልጅነቴ ራቁቴን ያልበረደኝ ዛሬ ተሸፋፍኜ ይበርደኛል? ግፊ!"
ገፋሁ። ሻርፓቸውን አወለቁ፤ ነጭ ፀጉራቸውን ለዝናቡ ሰጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔም ጫማዬን አወለቅኩ። የሩፋኤል ዝናብ ካገኘኝ ስንት ዓመቴ? ካዛንቺስ ግቢያቸው ውስጥ እናታቸው ልብሳቸውን አስወልቀው ወደ ዝናቡ ሲሰዷቸው፣ የጎረቤት ልጆች ሁሉ ሲንጫጩ... እየሳቁ ነገሩኝ።
ሊዮናርዶ ፎጣ ይዞ እየሮጠ መጣ። "ማማ! አብዳችኋል እንዴ? የሳንባ ምች ልታስይዣት ነው?" ወንበራቸውን ወደ ጣራው ማዞር ጀመርኩ። እንደ ልማዴ።
እማማ እጁን ያዙት። ረጅም ነገር ተናገሩ፣ ቀስ ብለው፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ። መጀመሪያ እሳቸውን አየ። ከዚያ እኔን።
"ምን አለች?"
በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ።
"የዛሬ ዝናብ የተባረከ ነው ይላሉ። እናቴ በየዓመቱ ታስነካኝ ነበር። አንተን ግን ሰው ምን ይለኛል ብዬ በመስኮት እያሳየሁ አሳደግኩህ። ይቅር በለኝ... ይላሉ።"
ፎጣው እጁ ላይ ራሰ። እማማ አንድ ነገር ጨመሩ። ሳቄ አመለጠኝ።
"አሁንስ ምን አለች?"
"ምናልባት ፀጉሩም ይበቅልለት ይሆናል፣ አሉ።"
ሳቀ። ከዚያ አለቀሰ መሰለኝ። በዝናብ ውስጥ ምኑ ይለያል? ብቻ ጣራ ሥር አልገባም።

ጳጉሜ 4
እማማ ሲያርፉ ሊዮናርዶ በረንዳው ላይ ጠራኝ። "ሁልጊዜ እንደ ትናንት ነው የምታወራው? እንደዚያ... አስተካክላ?"
"አንዳንዴ ቀን ይጠፋቸዋል፣ ሰው ይምታታባቸዋል። ንግግራቸው ግን ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።"
"ለምን አልነገርሽኝም?"
ተናዘዝኩ። እርስዎ በጣልያንኛ ብቻ ብለውኝ ነበር፣ አልሆነልኝም፣ ያስረሳኋቸው እኔ ሳልሆን አልቀርም አልኩ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ።
"እኔን አላስተማረችኝም" አለ። "ትምህርት ቤት እንዳይስቁብኝ ብላ።"
ያኔ ነው የወጣችው፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሳጠናት የነበረችው ዓረፍተ ነገር። "ሲኞር ሊዮናርዶ፣ እናትዎ ኦስቲያ ሆነው ውሃ ሲጠይቁ ማን ይሰማቸዋል?"
ብድግ ብሎ እናቱ ወደተኙበት ገባ።

ጳጉሜ 5
እማማ አስነጠሱ። ሁለት ጊዜ። ሊዮናርዶ እኔን አየኝ። እኔ ባሕሩን አየሁ።

መስከረም 1
አዲስ ዓመት። ቢጫ ናፕኪን እንደ አበባ አጥፌ ደረታቸው ላይ ሰካሁላቸው። ጤነኛ ናቸው፣ ተመስገን። ቺቪታቬኪያ ወረድን። ሊዮናርዶ እየነዳ ወደ ሮም ተመለስን። ስለ ኦስቲያ አንድም ቃል የለም...
አልጋዬን ሳላነጥፍ ነው የወጣሁት። ሰውዬው ደስ ይበለው።

መስከረም 23
ጠዋት ገበያ። ኮክ አልቋል፤ ወይን ገዛሁ።
ሊዮናርዶ ሐሙስ ሐሙስ መምጣት ጀምሯል። የኦስቲያውን ክፍል ለሌላ ሰው ስጡት ብሏቸዋል። "ለጊዜው" አለኝ። ለጊዜውም ይሁን።
ዛሬ ሻይ ይዘን ሦስት ሰዓት ተቀመጥን። "ምን አለች? ምን አለች?" እረፍት የለውም። በትንሽ ደብተር በራሱ ፊደል ይጽፋል፤ ውሃ፣ ደከመኝ፣ ና ቁጭ በል። ስኳር በተጠቀለለበት ጋዜጣ ማንበብ የተማርኩት ሴትዮ አስተማሪ ሆንኩ! ድሮ ቀኑን ሙሉ አፌን ሳልከፍት እውል ነበር። አሁን ሐሙስ ማታ ጉሮሮዬ ይደርቃል።
"ይኼ ልጅ ዛሬም አልሄደም?" አሉ እማማ። ተረጎምኩ። ሳቀ።
ከዚያ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉ። "ይቺ ልጅ ባትኖር" አሉት፣ "እኔ የሞትኩት ድሮ ነበር። የሚበላው አፌ ብቻ ነበር የሚቀረው።"
"ምን አለች?"
እንዴት ብዬ ልንገረው? ስለ ራሴ... ፊቴ ጋለ።
"ሻዩ ቀዘቀዘ፣ አሉ።"
እማማ ሪታ ቀና አሉ። ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።
"ቡጃርዳ!" ውሸታም! "ኖን ኦ ዴቶ ኮዚ!" እንደዚያ አላልኩም!
በጣልያንኛ። ጥርት ባለ ጣልያንኛ።
ሊዮናርዶ እስክሪብቶው ከእጁ ወደቀ። እኔ ደግሞ... ሻይ ላሙቅ ብዬ ወጥ ቤት ገባሁና፣ ምድጃውን ሳልለኩስ ብዙ ቆምኩ።
ጣልያንኛቸው አልጠፋም። እዚያው ነበር።