ከበሬ አንጎል የወጣ ዓሣ

"ጠርጣራ" እያልሽ የምትስቂብኝ ጓደኛሽ ነኝ። እዚህ ውጭ አገር የመጣሁበት ቤተ ሙከራ እንደ መስታወት ያበራል፤ አገር ቤት ያለው የቤተ ሙከራችን ፍሪጅ ግን በሩ በገመድ ታስሮም አይዋሽም። የነርቭ መልዕክት ተቀባዩ ፕሮቲን በበሬ አንጎልና በዓሣ ጡንቻ ውስጥ ቅርጹ እንዴት እንደሚለያይ እያነጻጸርን አይደል? ውጤቱ ሁልጊዜ የዚህ ቤተ ሙከራ ኃላፊ ፕሮፌሰሩ አስቀድመው እንዳሉት መሆኑ ከነከነኝ። ሰኞ አንዱን የበሬ አንጎል ለሁለት ብልቃጥ ከፈልኩና አንደኛው ላይ "የዓሣ ጡንቻ" ብዬ ጻፍኩበት። ዛሬ የፕሮቲኑን ሁለት የተለያዩ ምስሎች ደርድረው "አየሽ ልጄ፣ የዓሣው እንዴት እንደሚለይ" አሉኝ። "እውነትዎን ነው" አልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ ስሜን ከጋራ ጽሑፋችን አውጪልኝ፣ ያንቺንም። እናቴን ሳሚልኝ፤ ፍሪጃችንንም። ይህን ፖስትካርድ ፕሮፌሰሩ "እኔ ላስልክልሽ" ብለውኝ ነበር። ይኸው ፖስታ ቤት ቆሜ ነው የምጽፍልሽ።