አሥራ አንድ የድምፅ ቅጂዎች

ሰኞ፣ ኅዳር 3

የኮምፒውተሬ መንቀራፈፍ ሰልችቶኝ ራም፣ ሥራውን ሁሉ የሚያሳልፍበትን ማስታወሻ፣ ጨመርኩለት። አሮጌው ፍጥነቱ 2400፣ አዲሱ 3200። በማስተካከያው ገጽ ገብቼ ሁለቱም በ3200 እንዲሄዱ አስገደድኳቸው። ተነሳልኝ... እንደ ጥይት። የኮምፒውተር ጠጋኝ መሆን ለዚህ ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው?

ከእራት በፊት አባዬን መቅዳት ጀመርን። የጉሮሮው ኦፕሬሽን ኅዳር 19 ነው። ሐኪሙ አልሸፋፈነውም። "ከዚያ በኋላ ድምፅ አይኖርም" ነው ያለው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ስለ ልጅነቱ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራ። በስልኬ እቀዳለሁ፣ ወደ ኮምፒውተር አዛውራለሁ፣ ጫጫታውን በፕሮግራም አጸዳለሁ፣ ፍላሽ ላይም እገለብጣለሁ። ከዚያ ስልኩን ባዶ አደርጋለሁ... ሞልቶብኛላ።

ላሰማው ስል ተቆጣ። "ከኦፕሬሽኑ በፊት ማንም እንዳይሰማው። አንቺም ጭምር። የራሴን ድምፅ ስሰማ አፍራለሁ።"

ቃል ገባሁለት።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

ኮምፒውተሬ ሰማያዊ ስክሪን አመጣና ጠፋ። መብራቱ ዋዥቆ ይሆን?

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ዛሬ ሦስት ጊዜ። አቧራውን ነፋሁ፣ ገመዱን ቀየርኩ... ወይ ፍንክች። አባዬ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሲያይ ቆየና "ማሽንሽ ከእኔ ቀድሞ ልሳኑ ሊዘጋ ነው" አለ። ሳቅኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

የሥራ ባልደረባዬን ካቻቪትን አማከርኩት። (ይህን ስም ያወጣንለት መፍቻው ከኪሱ ስለማይለይ ነው።)

"ራሞቹ እኩያ ናቸው?"

"አይደሉም። ግን ይሠራሉ።"

"ስንቴ እየጠፋብሽ ምኑን ሠሩት? ፍጥነቱን ዝቅ አድርጊው።"

"አንተ ደግሞ እኔን ልታስተምረኝ ነው?"

ምን ነካኝ? ይህንኑ ስህተት ስንት ሰው ላይ አይቼ ስቄያለሁ። የራሴ ሲሆን ግን... ቤት ስገባ ሲስተሙን እንደ አዲስ ጫንኩት። ራሙን አልነካሁም። እልኸኛ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

አባዬ አሥራ አንደኛውን ቀዳ። "ይቺ ላንቺ ናት" ብሎ ከክፍሉ አስወጣኝ። ከበሩ ውጭ ቆሜ ድምፁን እሰማለሁ፣ ቃሉ ግን አይለይም። አርባ ደቂቃ... ምን ብሎኝ ይሆን?

ሳጸዳው ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ። በሦስተኛው ጨረሰ። ስልኩን ባዶ አደረግኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 17

የራም መመርመሪያ ፕሮግራም ለቀቅኩ። ወዲያው ገጹ በቀይ ስህተት ሞላ። ፍጥነቱን ወደ 2400 ዝቅ አድርጌ ደገምኩት። አንድም ስህተት የለም። ካቻቪት ልክ ነበር።

እፎይ ማለት ነበረብኝ። ግን የአባዬ ድምፅ ሁሉ ያለፈው በዚሁ ሲሳሳት በቆየ ራም ነው። ፍላሹ ላይ ያለውም ከዚሁ የወጣ ነው።

ልክፈተው? ተበላሽቶ ቢሆን እንኳ ሁለት ቀን አለን፣ እንደገና ይናገራል... ቃል ገብቻለሁ እኮ። ቃሌን ነው የምጠብቀው ወይስ ፈርቼ ነው?

አልከፈትኩትም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 19

ኦፕሬሽን ክፍል አስገቡት። በሩ ላይ "በይ እንግዲህ" አለኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 25

ከፈትኩት። ከአሥራ አንዱ የተረፈው ሁለት ብቻ። ስድስቱ ጭራሽ አይከፈቱም። ሌሎቹ ተቆራርጠዋል። የእኔው... ጉሮሮውን ሲጠርግ ይሰማል፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ጭርርር ብቻ። ደጋግሜ ሰማሁት። አለቀስኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 27

ሆስፒታል ሄድኩ። አባዬ ወረቀት ላይ "አመጣሽው?" ብሎ ጻፈ።

ነገርኩት። ሰኞ ዕለት እየጠረጠርኩ ዝም ማለቴን ግን አልነገርኩትም። እንዴት ብዬ?

"አሥራ አንደኛዋስ?" ብሎ ጻፈ።

በአሉታ ራሴን ነቀነቅኩ። ንጹህ ወረቀት ሰጠሁትና "ጻፍልኝ፣ አባዬ፣ የፈለገውን ያህል ጊዜ ይፍጅ" አልኩት። ብዕሩን ያዘ። አንድ መስመር ጻፈና ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው።

"በአፍ የሚባል ነበር፣ ልጄ።"

ብዕሩን መለሰልኝ።