የሚዞረው ሽቦና የአክስቴ ጉትቻ

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

ዘር ድንች ስለይ ዋልሁ። የበሰበሰው ወደ ግራ፣ ያጎነቆለው ወደ ቀኝ። ጣቶቼ ይሸታሉ። ምናሉ ከደ/ታቦር ሲመለስ ገና ከአጥሩ ማዶ ይጮሃል። ማሽኑን አይቶታል። ወንድሜን እንዲህ ፊቱ በርቶ ያየሁት በሠርጉ ቀን ብቻ ነው።

ምን ዓይነት ማሽን እንደሆነ ሲነግረኝ ክው አልሁ። እጀታ፣ ትንሽ ሳጥን፣ ከሳጥኑ የሚወጣ ዘወር ዘወር የሚል ሽቦ። ወርቅ ወዳለበት ይዞራል አሉ። ከሩቅ ያሸታል፣ ሃያ ሜትር ጥልቀት ያያል፣ ብረቱን ንቆ ያልፋል።

ደብተሬ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። አዲስ አበባ፣ ያ አስመጪ ቤት፣ ፈትሺው ተብዬ የተሰጠኝ ይኸው ራሱ ነው። ደጋግሜ ሞከርሁ፤ ምንም አያገኝም ብዬ ጻፍሁ። ሳምንት ሳይሞላ ዕቃ ሰርቃለች ተብዬ ወጣሁ። የጂኦሎጂ ዲግሪ ይዤ ድንች እለያለሁ።

የባሰው ደግሞ ይሄ ነው። ወይኖ ሊሸጥ ነው። አባባ ካሏቸው ሁለት በሬዎች አንዱ! ምናሉ አሳምኗቸዋል፤ በወይኖ ዋጋ የማሽኑን ድርሻ ሊገዙ። ክረምቱ ደጅ ላይ ቆሞ። ቦራ ብቻውን ምን ያርሳል? አንድ በሬ የቀረው ገበሬ የሰው ደጅ ጠኚ ነው።

መቀመጥ አልቻልሁም። ግቢውን ስዞር መሸ።

ግንቦት 4፣ ሰኞ

የማሽኑ ባለቤት፣ «ኢንጂነር» ተብዬው፣ መጣ። ጫማው ንጹሕ፣ አንገተ ሰባራ። ጎረቤት ተሰብስቦ እያየ ለአባባ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። አጭበርባሪ አይመስልም፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

እንዴት እንደሚሠራ ጠየቅሁት። እያንዳንዱ ማዕድን የራሱ ሞገድ አለው አለኝ። ሳጥኑን መታ መታ አደረገ።

እኔ ግን አላቆምሁም። እውነተኛው መፈለጊያ ከታች እንደ ሰሃን ክብ ነገር አለው፤ ከመሬቱ አስጠግተው ነው የሚጠርጉበት። ቀለበት የምታህል ወርቅ ከስንዝር ብዙም ካልራቀች ያገኛታል፤ ክንድ ከገባች ያልፋታል። ደግሞ በእኛ መሬት ለእያንዳንዱ የማረሻ ስባሪ ይጮሃል። የጥንቱ መድፍ መሥሪያ ጋፋት ቢወስዱትማ ዝም የሚልበት ስፍራ አያገኝም! ይኼኛው ግን ሽቦ ነው። የያዘው እጅ ጥቂት ካዘነበለ ይዞራል። እጁ ማዘንበሉን ባለቤቱ እንኳ አያውቀውም። ይህን ሁሉ ተናገርሁ።

ፈገግ አለ።

«እህቴ፣ ዕቃ ጠፍቶብሽ የተባረርሽው አንቺ አይደለሽም?»

ከምናሉ እንደሰማ ገባኝ። ጎረቤቱ ሁሉ አቀረቀረ። አባባም አቀረቀሩ። የእሳቸው ነው ያንገበገበኝ።

አላለቀስሁም። አዎ ተባርሬአለሁ፣ ይኸው ሽቦ አይሠራም ስላልሁ ነው፣ ነገ በሁላችን ፊት እንሞክረው አልሁ።  

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

ከአውድማው ጀርባ ጦም ያደረው መሬት ላይ ሞከርነው። አክስቴ ጥሩነሽ የሠርጓን የወርቅ መስቀል ከአንገቷ ፈትታ ሰጠችኝ። በጨርቅ ጠቅልዬ ስንዝር ያህል ቀበርሁት፤ ጎረቤት ሁሉ እያየ፣ ምስክር እንዲሆን። ቦታው እንዳይለይ መሬቱን በሙሉ ገለባ አለበስነው። ኢንጂነሩና ምናሉ ከቤት ውስጥ ነበሩ። ከቡና መልስ ይምጡ ተባለ፤ ሰዉ እዚያው ሲንጎራደድ ረፋዱ አለፈ።

ሽቦውን ምናሉ ይያዘው አልሁ። ወንድሜ አያታልለኝም።

ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሄደ። ሽቦው ዞረ። ቆፈሩ።

መስቀሉ!

እልልታው እስከ ገሳይ ከተማ ሳይሰማ አይቀርም። አንዱ ጎረቤታችን፣ «ስሚ ይታይሽ፣ ዲግሪሽን መልሺላቸው፤ ምናልባት በድንች ይለውጡልሽ ይሆናል!» አለ። ሁሉም ሳቀ። ምናሉ አልሳቀም፤ አዘነልኝ። መሳቁ ይሻለኝ ነበር።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ምንም አልበላሁም። በአጋጣሚ ነው? ያን ያህል ሰፊ ቦታ ላይ? አዲስ አበባ ተሳስቼ ይሆን? ከተሳሳትሁ የተባረርሁት በትክክል ነው። እንግዲህ የቀረኝ ሌባ መሆን ብቻ ነው!

አባባ ወይኖን ሲያሹት አየሁ። ለገበያ ሊያሳምሩት።

ግንቦት 7፣ ሐሙስ

አገኘሁት። አገኘሁት። አገኘሁት።

ጠዋት ወደ ቦታው ሄድሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ እግሬ ወሰደኝ። ገለባው በሙሉ ተረግጦ ደቋል፤ አፈር ሆኗል። የመስቀሉ ጉድጓድ ዙሪያ ብቻ፣ አንድ ሰሌን የሚያህል ክብ፣ ገለባው እንደተበተነ ነው። ለጋ፣ ቢጫ፣ ከቆፋሪዎቹ በቀር እግር ያልነካው።

መስቀል እኮ ነው! ከሥር መስቀል እንዳለ እያወቀ ማን ይረግጠዋል? ሰው ሁሉ ረፋዱን ሙሉ ሲንጎራደድ ዙሪያውን እየዞረ ነበር። ሽማግሌውም ልጁም። እኔም። የጫማዬን ዱካ አየሁት፤ ጥግ ጥጉን ሄዶ ታጥፏል። ሳላስበው።

ምናሉ የተጠቆመው በእግራችን ነው። ዓይኑ ያልተረገጠውን አየ፣ እጁ አዘነበለ፣ ሽቦው ዞረ። አልዋሸም። ሳናውቅ የነገርነው እኛ ነን። መስቀል ቀብሬ ሰው በዙሪያው ያቆምሁ እኔ ነኝ።

ሮጬ ለምናሉ ነገርሁት። ቅናት ነው አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

አባባ በር ላይ ተቀምጠው የቀንበሩን ጠፍር፣ ምራኑን፣ ያለፋሉ። ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ፦ «መስቀል ባይሆንስ ኖሮ?»

እጃቸውን ስሜ ልሞት ነበር። እንደገና ይሞከር አልሁ። ይሞከር አሉ።

ግንቦት 8፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

በትኩሱ ልጻፈው።

የዛሬው የአክስቴ ጉትቻ ነው፤ መስቀል አይደለም። የቀበሩት የኔታ ናቸው፣ የደብሩ የቅኔ መምህር፣ በጠዋት፣ ብቻቸውን። በርከት ያሉ ጉድጓዶች ቆፍረው ሁሉንም እኩል ደፈኑ፤ በአንዱ ጉትቻውን አኖሩ። ከዚያ ቤ/ክ ሄዱ፤ ፊታቸው እንኳ እንዳይነበብ። ሰው ከአጥር ውጭ። እኔም የት እንዳለ አላውቅም።

ኢንጂነሩ አንገራገረ። ጥርጣሬ ባለበት ማሽኑ አይሠራም አለ። ያዝ ሲባል፣ ሴት በቆመችበት ወርቅ ይሸሻል አለ።

አክስቴ ከአጥሩ ላይ፦ «የኔ ጌታ፣ ጉትቻው ከሴት ጆሮ ነው የወጣው። እስከ ዛሬ ያልሸሸ ዛሬ የት ይሄዳል?»

ሰዉ አውካካ። መያዝ ግድ ሆነበት።

ሽቦው ዞረ፤ ቆፈሩ፤ አፈር። ሌላው ላይ ዞረ፤ አፈር። ምናሉ ቀማውና ራሱ ያዘው። እጁ ያልበዋል። ሽቦው ከጉድጓዶቹ ሁሉ ወጥቶ አጥሩን፣ አባባ የቆሙበትን አመለከተ። «አባባ፣ እስኪ ጥርስዎን ያሳዩን፣ ወርቅ አስተክለው እንዳይሆን!» አለ ያ ጎረቤታችን። አባባም ሳቁ። ምናሉ ብቻ አልሳቀም፤ ሽቦውን እንደያዘ ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ቆሞ ቀረ።

የኔታን አስጠራን። መቋሚያቸውን ይዘው ቀጥ ብለው ገቡ፤ ኢንጂነሩ ፊት ቆሙ።

«እስኪ ፈቀቅ በል ልጄ።»

ከዚያ ንጹሕ ጫማ ሥር ነበረ። ከላዩ ቆሞበት ነበር!

ሳጥኑን ሸክፎ ሄደ። አላፈረም። ነገ አንበሳሜ ገበያ የሚጠብቁት ሰዎች አሉ ብሎ ነው የሄደው። በአክብሮት፣ ጎንበስ ብሎ።

ማታ

አባባ ወይኖን ውኃ አጠጥተው ከቦራ ጎን አሰሩት። «ላም አለኝ በሰማይ ከምል፣ በሬ አለኝ በደጄ» አሉ፣ ለእኔ ይሁን ለበሬው አልለየሁም። ከዚያ ዘወር ብለው፣ ያን ቀን ማቀርቀር አልነበረብኝም አሉኝ። ይኸው ነው። ይበቃኛል።

ግን አልተረጋጋሁም። አንበሳሜ ያለው ሰው በሬ የለውም? ሴት ልጅ የለውም፣ የሚያቀረቅርባት?

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ፣ ማለዳ

ወስኛለሁ። መንገዱ ክፍት ነው ተብሏል፤ እሄዳለሁ። ገበያው መሀል እጠይቀዋለሁ። ሌባ ይበለኝ፤ ብሎኝ ያውቃል። ቀባሪውን የአገሩ ሰው ይምረጥ፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ እቆማለሁ።

አክስቴ በጠዋት መጣች። ያኛውን ጉትቻ በእጄ አስይዛ፣ ሌላውንም ከጆሮዋ ፈትታ ጨመረችልኝ። ባዶ ጆሮዋ ቀልቷል።

የመኪና ጡሩምባ። ምናሉ ከመንገድ ዳር እየተጣራ ነው። ይሸኘኛል ብዬ ነበር፤ አብሮኝ ሊሄድ አካፋ ይዟል፣ ጋቢውን ደርቧል፣ እኔ ልያዘው፣ እዚያም ሽቦውን እኔ ልያዘው እያለ ነው።