ሁለተኛው ትልቅ ሰው

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ተራ ቀን። መነጽር ቤቱን ከፈትኩ፣ መስታወቶቹን ወለወልኩ፣ ሻይ ጠጣሁ። አንዲት እናት መጡ። አዲሱን መነጽር አፍንጫቸው ላይ አስተካክዬ ወደ መስኮቱ አዞርኳቸው። ማዶ ያለውን ዛፍ አዩና አለቀሱ። ለካ ቅጠሉ ለየብቻው ነው፣ አሉ። ሶፍት ሰጠኋቸው። ቦርሳዬ ውስጥ ሶፍት አይጠፋም... ለሰው። ድሮ ቢሆን አብሬያቸው እነፋረቅ ነበር። ዛሬ ግን ጆሯቸው ጋ እንዳይጠብቃቸው ብቻ አየሁ።

ማታ ጠበቃዋ ያዘችኝ። ትልቋ ልጄ። ስድስት ዓመቷ ነው፤ በክርክር ስለማትሸነፍ ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው። ዱባ ሦስት ዓመት ሞላው አለችኝ። ዱባ ወንድሟ፤ ጉንጩን ያየ ሰው ለምን ዱባ እንደተባለ አይጠይቅም። አባታቸው ቃል ገብቶላቸው ነበር፦ ዱባ ሦስት ሲሞላው መዝናኛ ፓርክ እንሄዳለን፣ ሆቴል እናድራለን።

የታጠበውን ልብስ ማጠፍ ቀጠልኩ።

"አባዬ ስለሌለ ቃሉም የለም ማለት ነው?"

የዚህ መልስ የት ሱቅ ይሸጣል? እንሄዳለን አልኳት። አፌ ነው ያለው። እኔ እንጃ የት ነበርኩ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ባሌ ለምን ሦስት እንዳለ ትዝ አለኝ። ሕፃን ከሦስት ዓመቱ በፊት ያየውን አያስታውስም፣ ፓርኩን ካላስታወሰ ለምን እንደክማለን ይል ነበር። እየሳቀ።

እሱ የሞተ ጊዜ ዱባ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር።

ፎቶውን አሳየሁት። ይሄ ማነው? አልኩት። ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ፣ መኪናውን ይዞ ሄደ።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ሆቴል ፍለጋ። ፓርኩ ግቢ ውስጥ ያለው አልጋው የመርከብ ቅርጽ አለው። ዋጋውም መርከብ ይገዛል። ሌሎቹ "ከፓርኩ አምስት ደቂቃ" ይላሉ... ለወፍ ይሆናል።

ለራዲዮ ነገርኳት። አብራኝ የምትሠራው ናት፤ ማጥፊያ ስለሌላት ነው ራዲዮ የምንላት። ከእህቷና ከእህቷ ልጆች ጋር ሄዳ ታውቃለች፣ ስለዚህ ምክሩ ከጠዋት እስከ ምሳ ወረደ። "በፎቶው እንዳትሸወጂ፣ ክፍሉ ሰፊ እንዲመስል ያነሳው ሰውዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቶ ነው። ልጅ ኮከብ አይቆጥርም፣ የሚዘልበት አልጋ ካገኘ ይበቃዋል። ቁርስ ግን ይኑረው፤ ቁርስ የሌለው ሆቴል በርካሽ ገብተሽ በውድ ነው የምትወጪው።" ሚኒባስ አለን ካሉ የመጨረሻው ስንት ሰዓት እንደሚመለስ ጠይቂ አለች፤ እህቷ ልጅ አዝላ በእግሯ ተመልሳለች። መዋኛ አለን ካሉ ደግሞ ውሃ አለው ወይ በይ።

ደንበኛ እየጠበቀ ሁሉ ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ። ማለቴ ጥርሴ ታይቷል።

እሑድ፣ የካቲት 9

አንድ አገኘሁ። የቤተሰብ ክፍል ይሉታል። አንድ ትልቅ አልጋ፣ ጥግ ላይ መጋረጃ ያለው ተደራራቢ የልጆች አልጋ። ቁርስ አለው። ሚኒባስ አለው። ዋጋውም ለእኔ ቢጤ የሚሆን።

ደወልኩ። የመቀበያው ልጅ ትሁት ነው፣ ድምፁ የተተኮሰ ሸሚዝ ይመስላል። ስንት ትልቅ ሰው፣ ስንት ልጅ ብሎ ጠየቀኝ። አንድና ሁለት አልኩ። ለካ ዋጋው የተሠራው ለሁለት ትልቅ ሰውና ለሁለት ልጅ ነው። አንድ ትልቅ ሰው አንድ ልጅ ብቻ ነው በነፃ ይዞ የሚገባው። እኔ ብቻዬን ከሄድኩ ዱባ እንደ ትልቅ ሰው ይከፍላል።

ሰው ሲጎድል ይወደዳል ማለት ነው? አልኩት። "አዎ እመቤት፣ አሠራሩ እንደዚያ ነው" አለ። ቀጥሎም በዚያው በተተኮሰ ድምፁ፣

"ሁለተኛው ትልቅ ሰው ማን ይባላሉ?"

መልሼ እደውላለሁ አልኩ። ስልኩን ይዤ ቆምኩ። ሶፋው ፊቴ ነው። ማንም አይቀመጥበትም። አትቀመጡ ያለ ሰው የለም፣ እንዲሁ አይቀመጡበትም። ሰኔ ላይ አባታቸው፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ትንሽ ልረፍ ብሎ ጋደም ያለው እዚያ ላይ ነበር፤ አልተነሳም። ልቡ ነው አሉ።

ምንም አልተሰማኝም። ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰካሁት፣ በቃ።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ዛሬም አላለቀስኩም።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ራዲዮ ማታ በስልክ፣ እኔን ውሰጂኝ አለች። ከእሷ ጋር አንድ ክፍል ማደር... ማን ሊተኛ? እህቴን ከሥራ አይለቋትም።

ጠበቃዋ ሰምታን ኖሯል። "እማማስ? እሷ ትልቅ ሰው አይደለችም?"

እማማ የምትለው አያቷን ነው። አማቴን። ልጃቸው ከተቀበረበት ቀን ወዲህ ቤቴን ረግጠው አያውቁም። ያን ቀን ቤቱ ሰው በሰው ነበር፤ ሁሉም ያለቅሳል፣ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጫማዬን አያለሁ። አማቴ ከለቅሷቸው መሃል ቀና አሉና ቤቱ ሁሉ እየሰማ፣ "ይቺ ድንጋይ ናት። አንዲት እንባ እንኳ ለልጄ ነፈገችው" አሉ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ማንም አላሸውም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን በራቸው ድረስ አደርሳለሁ። ይከፍታሉ፣ ልጆቹን ያስገባሉ፣ ይዘጋሉ። ወሬያችን በጠበቃዋ በኩል ነው። ለእናትሽ ንገሪያት፣ ዱባ ሹራብ ይደረግለት። ለእማማ ንገሪያት፣ አድርጌለታለሁ።

እሳቸውን? በአንድ አልጋ?

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ጠየቅኩ። እኔ ሳልሆን ጠበቃዋ። በሩ እንደተከፈተ ጀመረች፦ እማማ፣ አንቺ ካልመጣሽ ዱባ እንደ ትልቅ ሰው ይከፍላል፣ ዱባ ደግሞ ገንዘብ የለውም።

አማቴ ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ። በዚህ ዕድሜዬ ከሕፃን ጋር ልሽከረከር? አሉ። እሷ አለቀቀቻቸውም፤ አባዬ ቃል ገብቷል፣ ቃል ደግሞ ይወረሳል። ይህን ከየት አመጣችው?

አማቴ ሳቃቸውን ተዉ። ከዚያ በልጅቷ ራስ ላይ አሻግረው እኔን አዩኝ።

"ስንት አልጋ ነው?"

"አንድ ትልቅ። የልጆቹ ለብቻው ነው።"

"እኔ አንኮራፋለሁ።"

"ልጅዎም ያንኮራፉ ነበር... ያንኮራፋ ነበር።" ተንተባተብኩ።

በሩን ዘጉት። አለቀ ብዬ ልሄድ ስል ተመልሶ ተከፈተ። የሆቴሉ ብርድ ልብስ ስስ ነው ወይ? የራሴን ልያዝ? አሉኝ። ለእኔ። በቀጥታ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ደውዬ ክፍሉን ያዝኩ። የመቀበያው ልጅ ምድር ቤት ይሻላችኋል አለ፣ ለትልቅ እናት ጉልበት። ጠበቃዋ አጠገቤ ቆማ እጇን አወዛወዘች። ሊፍት ያለበት፣ አለች። ሌላ ምንም አልጠየቀችም፣ መዋኛ እንኳ።

አባቷ ሊፍት ጠጋኝ ነበር። ስልኩ ይጠራል፣ "ሊፍት ታሟል" ብሎ የመፍቻ ሳጥኑን አንስቶ ይሮጣል። እንደ ሐኪም። እሷም ትንሽ ሳለች ሊፍት ግድግዳ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ታዳምጥ ነበር።

ሦስተኛ ፎቅ አልኩ። ሊፍታችሁ ይሠራል? አልኩት። "ብዙ ጊዜ ይሠራል እመቤት" አለ።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

ደረስን። ክፍሉ ከፎቶው ያንሳል... ራዲዮ ተናግራለች። ንጹሕ ግን ነው። አማቴ አንሶላውን ገልበው አሸተቱ፣ የመስኮቱን ጠርዝ በጣታቸው አበሱ፣ ጣታቸውን አዩ፣ እህም አሉ። ከእሳቸው እህም ማለት ምስጋና ነው። ዱባ ተደራራቢው አልጋ ላይ ሲዘል የሚያቆመው ጠፋ።

ሊፍቱ ስንወጣ አቃሰተ። ጠበቃዋ ጆሮዋን ለጠፈች። "ቅባት ጠምቶታል" አለች፣ ልክ እንደሱ። አማቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አማቴ በግራ በኩል ተኙ። እሱ የሚተኛበት ነው። አልነገርኳቸውም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13፣ ጠዋት

ገና ሲነጋ ነቃሁ። እሳቸውም ነቅተዋል። ልጆቹ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝተዋል። ሁለታችንም ጣራ ጣራ እያየን...

"ያን ቀን ያለቀስኩት ሰው ፊት ነው" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ቤቴ ገብቼ በሬን ስዘጋ ደረቀብኝ። ይኸው እስካሁን። አንቺን ድንጋይ ብዬ እኔው ሆንኩት።"

ስልኬን አንስቼ ሰዓቱን አየሁ።

"ቁርስ እስከ አራት ሰዓት ነው" አልኩ።

"እንግዲያማ እንነሳ፣ የተከፈለበት ነው" አሉ። ቁርስ ላይ ዳቦ በናፕኪን ጠቅልለው ቦርሳቸው ሲከቱ አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።

እሑድ፣ መጋቢት 14

የትናንቱን ልጻፍ።

ፓርኩ ጥሩ ነበር። ሰልፉ ረጅም፣ ሙዚቃው ጆሮ የሚበጥስ። ዱባ የድብ ልብስ የለበሰውን ሰው ፈርቶ ጮኸ፤ አማቴ ድቡን ጠሩትና፣ ልጄ በዚህ ሙቀት ምን ቆርጦህ ነው፣ ውሃ ጠጣ ብለው ተቆጡት። ድቡ እሺ እማማ አለ። የሚሽከረከሩት ፈረሶች ላይ በጎን ተቀመጡ፣ ቦርሳቸውን እንዳቀፉ፣ ታክሲ የሚጠብቁ መስለው። ሁሉንም አየሁ። ደስ የሚል ነገር መሆኑን አወቅኩ። ከመስታወት ወዲያ እንዳለ ዕቃ።

በሚኒባሱ ተመለስን፣ ደክሞን። ሊፍት ገባን። ሁለተኛውና ሦስተኛው ፎቅ መሃል ላይ ገጭ ብሎ ቆመ። መብራቱ አልጠፋም። የደወሉን ቁልፍ ተጫንኩ። አማቴ ጉልበታቸው ስላልቻለ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

ዱባ አልፈራም። ወደ በሩ ሄደ፣ በሁለት መዳፉ እየደበደበ፣ እርግጠኛ ሆኖ፣

"አባዬ! ሊፍት ታሟል!"

ጠበቃዋ ወደ እኔ ዞረች።

"አባዬ! ሊፍት ታሟል! ና!"

ከላይ የወንድ ድምፅ መጣ። መጣሁ፣ መጣሁ፣ አትፍሩ!

ዱባ ዞር ብሎ አየን። "መጣ" አለ። እንደነገርኳችሁ እንደማለት። ቁጭ ብሎ መጠበቅ ጀመረ።

አልረሳውም። ልጄ አልረሳውም። እዚያው የት እንደሆነ የማላውቀው ቦታ አስቀምጦት ነበር።

አማቴ ማልቀስ ጀመሩ፣ ድምፅ ሳያወጡ፣ ትከሻቸው ብቻ። ሶፍት ልሰጣቸው ቦርሳዬን ከፈትኩ። የልጆቹ እጅና አፍ ጨርሶት አንድ ብቻ ቀርቷል። ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም። ፊቴን ነው የሚያዩት። ያኔ ነው ጉንጬ እርጥብ መሆኑ የገባኝ። አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሶፍቱን ለሁለት ቀደዱትና ግማሹን ሰጡኝ። እሱም አልበቃንም።

በሩ ሲከፈት አንድ ወጣት ነው፣ እጁን የግራሶ ቅባት የነካው፣ የመፍቻ ሳጥን የያዘ። ዱባ ብዙ አየው። "አባዬ አይደለም" አለ። አላለቀሰም። አየሁና አይደለም እንደማለት።

"የአባዬ ጓደኛ ነው" አለች ጠበቃዋ ቶሎ ብላ። ከዚያ ቀና ብላ ሰውዬውን፣ "አይደል?"

ወጣቱ እሷን አየ፣ ዱባን አየ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጠን የምንነፋረቀውን ሁለት ሴቶች አየ።

"አዎ" አለ። "ጓደኛው ነኝ።"

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

ሥራ ገባሁ። ራዲዮ ሆቴሉ እንዴት ነው አለች። ክፍሉ ጠባብ፣ ቁርሱ ጥሩ፣ ሚኒባሱ ሰዓቱን ያከብራል፣ ሊፍቱ ይቆማል። እና ለሰው እንዳልመክር? አለች። ምከሪ አልኳት። ሶፍት ይያዙ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

ዛሬ ልጆቹን ላደርስ ጫማ እያሰርኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ። አማቴ። ምን ታመላልሻቸዋለሽ፣ እኔ እግር የለኝም? አሉ። ገቡ። መጋረጃው መታጠብ አለበት አሉ፣ ዱባ ከስቷል አሉ... ዱባ! እየተናገሩ ሄደው ሶፋው ላይ ተቀመጡ።

የጫማዬ ማሰሪያ እጄ ላይ ቀረ። ያውቃሉ? ያውቃሉ እንጂ። መዳፋቸውን ጨርቁ ላይ ዘርግተው ትንሽ ቆዩ። ዱባ ተንጠላጥሎ አጠገባቸው ወጣ። ቴሌቪዥን ከፈትኩላቸው።

ከጓዳ ስመለስ ሁለቱም ጋደም ብለዋል። አማቴ ጫማቸውን አውልቀው ከሥር አስተካክለው አስቀምጠውታል።

ከዚያ አማቴ አንኮራፉ፣ ልክ እንደ ልጃቸው። ጠበቃዋ ከመኝታ ቤት በሩጫ ወጣች፣ መሃል ላይ ቆመች፣ አዳመጠች። አየችኝ።

ቴሌቪዥኑን ቀነስኩት።