ከሃምሳው ፊት የጨመርኳት ሁለት

ውድ ለሊሴ፣

እንደምን ከረምሽ ብዬ አልጠይቅሽም። እህቴ ቀለሟ፣ እናትሽ፣ ከሳጉሬ ደውላ ሁሉን ነግራኛለች። ማንኪያ ከጣቶችሽ እየወደቀ ነው አሉ። ጌታ የቀጣኝን ጌታ ያነሳልኛል፣ ሐኪም ቤት አልሄድም ብለሽ መጾም ከጀመርሽም ሰባት ቀን ሆነሽ። በስልክ ብናወራ እንደ ልማዴ ወደ ቀልድ አዞረው ነበር፤ ለዚህ ነው ጽፌ በሚኒባሱ ሹፌር የላክሁልሽ። ዛሬ ቀልድ የለም። ማለቴ፣ የምነግርሽ ስለ ቀልዱ ነው።

የጽሕፈት ሱቃችን ኮምፒውተር ላይ የጫንሽው የእረፍት አስታዋሽ ፕሮግራም ነበር። ሃምሳ ደቂቃ ከጻፍሽ ስክሪኑን ይዘጋና አስር ደቂቃ አይከፍትልሽም። “የፈተና ተቆጣጣሪው መጣ!” እያልኩ እኔ አጎትሽ ስስቅብሽ፣ “ኤሱማ፣ ይሄስ ለእርስዎ ነበር፤ አፍዎ ላይ ቢጫንልን!” ትይኝ ነበር። ማመልከቻ ሊያስጽፉ የመጡት ሳይቀሩ ይስቁብኝ ነበር።

አሠራሩንም ያስረዳሽኝ አንቺ ነሽ። የሚቆጥረው እጅሽን ነው፤ ኪቦርዱና ማውሱ ሲንቀሳቀሱ ይቆጥራል፣ ጥቂት ደቂቃ ዝም ካሉ አርፋለች ብሎ ከዜሮ ይጀምራል። እኔ ደግሞ ኮምፒውተርን በመነካካት የተማርኩ ሰው ነኝ። እጄን በላኝ።

ግንቦት መጀመሪያ ላይ፣ ምሳ ስትወጪ፣ ማስተካከያው ውስጥ ገብቼ ከሃምሳው ፊት ሁለት ጨመርኩ። ሁለት መቶ ሃምሳ ሆነ። ከሰዓት በኋላ “ተቆጣጣሪው ሞተ እንዴ?” ብለሽ እስክትጮኺ ከፎቶ ኮፒው ጀርባ ሳቄን አፍኜ ጠበቅሁ። አልጮኽሽም። የተመራቂዎች ጽሑፍ የሚጎርፍበት ሰሞን ነበር፤ በእጅ የተጻፈውን ክምር ከጎንሽ አድርገሽ አንገትሽን እንደደፋሽ ነው።

በሦስተኛው ቀን፣ “ተቆጣጣሪሽ የታለ?” ብዬ ነካ አደረግሁሽ።

“ለደንበኛ ስነሳ እንደ እረፍት እየቆጠረልኝ ነው። ዝም ካለ ገና አልደከመኝም ማለት ነው፣ ኤሱማ።”

እዚያ ላይ መናገር ነበረብኝ። ተማሪዎቹ በር ላይ ተሰልፈዋል፣ ሥራውም እየተሳለጠ ነው። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። የአንድ ቀን ቀልድ ነበር፤ ዝም ያልኩት ግን ሁለት ወር ነው። እጅሽን ስታራግፊ አይቻለሁ። “ብርዱ ነው መሰለኝ” ስትይ፣ “አዎ፣ የአሰላ ክረምት ገባ” አልኩሽ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የሐሙሱ የቤት ጸሎት ነው። የጸሎት ቡድናችን መሪ እህት የውብዳር እጅሽን ይዛ፣ “ያልተናዘዝሽው ነገር ካለ አውጪው” ስትልሽ አለቀስሽ። ታናሽ እህቴ ስትመረቅ ቀንቼባታለሁ፣ እጄ የታሰረው ለዚያ ነው አልሽ። እጅሽን ምን እንዳሰረው የሚያውቅ በዚያ ቤት አንድ ሰው ነበር። በሩ አጠገብ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ “አሜን” አለ። በማግስቱ ሻንጣሽን ይዘሽ ወደ እናትሽ ሄድሽ።

ትናንት አዳማ ወርጄ ሐኪም አነጋገርኩ። እንደነገርኩት ከሆነ የእጅሽ አንጓ ላይ ነርቭ ታፍኗል።

“ስንት ጊዜ አላት?” አልኩት።

“ሳላያት ምን ልበልህ? ጡንቻው ከሞተ ቀዶ ጥገናም አይመልሰውም። ቶሎ አምጣት።”

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት እሱው ዘንድ ቀጠሮ ይዤልሻለሁ። ለእናትሽ ዛሬ እውነቱን ነገርኳት፤ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ሐሙስ ለጸሎት ቡድኑ እነግራለሁ፣ ቆሜ፣ ዓይኔን ገልጬ።

ይቅር በይኝ ብዬ አይደለም የጻፍኩልሽ። ይቅርታው ቢቆይ፣ ጭራሽ ባይመጣም፣ እጅሽ ግን አይጠብቅም። ከእኔ ጋር መሄድ ካስጠላሽ ከእናትሽ ጋር ሂጂ። እየረገምሽኝም ቢሆን ጾምሽን ፍቺ፣ እህል ቅመሺ፣ ማክሰኞ ሂጂ። ጌታ አልቀጣሽም፣ ልጄ። የጎዳሁሽ እኔ ነኝ፣ ያውም እየሳቅሁ።

ኤሱማሽ ኦላና
አሰላ፣ ሐምሌ