ከሙሉ ነጥብ በላይ ለሆኑት ለክቡር የዕጣ ቁጥር

ለተከበሩ የዕጣ ቁጥር፣
የዩኒቨርሲቲ ቦታ በሚደለደልበት ኮምፒውተር ውስጥ፣
ባሉበት።

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እላለሁ፤ መቼም እርስዎ ዘንድ ጉንፋንም ሆነ ጸጸት ስለማይደርስ ደኅና እንደሆኑ አልጠራጠርም። እኔ በምዕራብ አየርላንድ፣ በሜዮ፣ የከብት መኖ፣ ሚስማርና የአጥር ሽቦ የምሸጥ ማላኪ ቱሂ የምባል ነጋዴ ነኝ፤ የምጽፍልዎም በልጄ በሶርካ ጉዳይ ነው።

ሶርካ ዘንድሮ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናዋን ወስዳ፣ ሰው ሊያመጣ የሚችለውን የመጨረሻውን ከፍተኛ ነጥብ አመጣች። ልትማር የጠየቀችው የጥርስ ሕክምና ነበር። ሙሉ ያመጡት ልጆች ከወንበሩ ስለበለጡ ግን ጉዳዩ ወደ እርስዎ ተመራ፤ እርስዎም ለእያንዳንዳቸው ቁጥር አድለው፣ ትልቅ የደረሳቸውን አስገብተው፣ የእኔዋን ከደጅ አስቀሯት። ስለ ገለልተኛነትዎ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ማን መሆኗን እንኳ አልጠየቁም። በየቀኑ የምጽፈው ማስታወሻ አለኝ፤ የዚያን ዕለት የጻፍኩት ዝናብ መዝነቡን ብቻ ነው።

ቅሬታዬን በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ ቁጥር እንደሚያከብሩ አውቃለሁና።

፩ኛ. ነጋዴ ስለሆንኩ ከሰው ጋር መደራደር ሥራዬ ነው። ዋጋ የሚቆልልብኝን አከፋፋይ አኩርፌ አለዝበዋለሁ፤ ሽቦውን ተጠቅሞበት ሊመልስልኝ የሚመጣውን ገበሬ ሚስቱ ፊት ሰላም ብዬ አሳፍረዋለሁ። ክቡርነትዎን ግን በየት በኩል እንደምይዝዎ አጣሁ።

፪ኛ. ቢቸግረኝ ወደ መሥሪያ ቤትዎ ስልክ ደወልኩ። አንዲት በጣም ትሑት ሴት አነሳች።

«ልጅዎ ምንም አላጠፋችም፣ አቶ ቱሂ» አለችኝ።

«ታዲያ ምኑን ታሻሽል?»

«የምታሻሽለው የለም። በሚቀጥለው ዓመት በዚሁ ውጤት ብታመለክት አዲስ ቁጥር ይደርሳታል።»

«እሱም ትንሽ ቢሆንስ?»

«ያኔ ደግሞ በሚቀጥለው።»

ከልጅነቷ ጀምሮ «አጥኚ፣ ትገቢያለሽ» ስንላት የኖረችው ልጅ፣ አሁን ማጥናት ሳያስፈልጋት ከሱቄ ባንኮኒ ጀርባ ቆማ እርስዎን ትጠብቃለች። ስለሰጧት ዕረፍት እናመሰግናለን።

፫ኛ. ሰዉ አላስቀምጥ አላት። ወይዘሮ ጊልቫሪ የዶሮ መኖ ልትገዛ መጥታ፣ «ሙሉ አምጥታ አላስገቧትም? ከሙሉ በላይ ምን ፈልገው ነው፣ ዶሮዎቼም ይፈተኑላቸው?» ስትል ሶርካ ሳቀች። አጥር ሠሪው ፓኪ ግን ሊያጽናናት ፈልጎ፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ሎተሪ እንዲህ ነው፤ እኔ ዕድሜ ልኬን ቆርጬ መቼ ወጣልኝ?» አላት።

«እኔ ሎተሪ አልቆረጥኩም፣ ፓኪ» አለችው። «እኔ አጥንቼ ነው።»

ይህን ብላ ወደ መጋዘን ገባች፤ ፓኪም ሊገዛ የመጣውን ረስቶ ወጣ። እኔም እዚያው ሚዛኑ አጠገብ ቆሜ፣ የተመዘነውን መኖ እንደገና መዘንኩ።

የቀረው ቅሬታዬ ቁጥር አይሻም። አንዲት የውኃ ፓምፕ ቀርታኝ ሁለት ሰው ቢፈልጋት፣ አንዱን ይቅርታ ጠይቄ ሌላ አስመጣለታለሁ እንጂ ሳንቲም አልወረውርባቸውም። የከተማችን የመጨረሻው የጥርስ ሐኪም ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጉንጩ ያበጠ ሰው ሁሉ በአውቶቡስ አገር አቋርጦ ይሄዳል። ሐኪም ጠፋ እየተባለ፣ ሐኪም ልሁን የሚለውን ግን በዕጣ እንመልሳለን። ወንበር መጨመር ነጋዴ የሚያስበው ተራ ሐሳብ ስለሆነ፣ እርስዎን ቀጥረው ከኋላዎ የተቀመጡት ታላላቅ ሰዎች ሳይንቁት አልቀሩም።

በመጨረሻም፣ ክቡርነትዎ ሳያዳሉ፣ ሳያዝኑና ሳይደክሙ ለብዙ ዘመን እንዲያገለግሉ እየተመኘሁ፣ ቁጣዬም ልመናዬም የማይደርስዎ መሆኑን ተረድቼ እጅ እነሳለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ ሌላ ምርጫም የሌለው፣
ማላኪ ቱሂ

ማሳሰቢያ፦ ሶርካ ይህን ደብዳቤ እንዳልልክ ለምናኝ ነበር። «ተው አባዬ፣ ይቀየምና በሚቀጥለው ዓመት ቂም ይይዝብኛል» አለችኝ። እኔም ላጽናናት ብዬ፣ «አይዞሽ፣ እሱ እንደሆነ አንቺን ጨርሶ አያስታውስሽም» አልኳት። እስከዚያ ድረስ አላለቀሰችም ነበር።