ጳጉሜ የሌለበት ሠንጠረዥ

ቡራዩ፣ እሑድ፣ መስከረም 25

የወር አበባዬ ቀኑን ካለፈ ዛሬ ሳምንቱ። አንድ ቀን እንኳ አዛብቶ አያውቅም ነበር።

ምክንያቱን ዛሬ ጠዋት ደረስኩበት። ቁም ሣጥኑ ላይ የለጠፍነው ሠንጠረዥ ጳጉሜ የለበትም! ቤተ ክርስቲያን በባልና ሚስት ትምህርት ላይ የሰጡን ነው፤ ዐሥራ ሁለት ወር፣ ሠላሳ ሠላሳ ሣጥን፣ ቀዩ የምንታቀብበት፣ አረንጓዴው የምንገናኝበት። ባሌ ገመቹ ቀኑን ትቶ ሣጥኑን ሲቆጥር ከነሐሴ ሠላሳ ዘሎ መስከረም አንድ ገባ። በእንቁጣጣሽ ዕለት "የወር አበባሽ ከመጣ ገና ሰባተኛ ቀንሽ ነው፣ አረንጓዴ ነው" አለኝ። ለካ ዐሥራ ሁለተኛዬ ነበር፣ ደማቅ ቀይ። እኔስ ምን ነክቶኝ ነው ያመንኩት?

ከቅዳሴ በኋላ ለአባ ነገርኳቸው። "ልጄ፣ ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው" አሉኝ። ሦስቱን ስጦታዎች በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት የማሳድገው እኔ ነኝ! ጎረቤቴ በሦስት ወር አንዴ መርፌዋን ተወግታ ትገላገላለች። እኔ ክኒኑም መርፌውም ኃጢአት ነው ስለተባልኩ፣ ባሌን አጠገቤ አስተኝቼ ግማሹን ወር እጾማለሁ። ጾሙን ጾሜ እንዲህ መሆኔ ነው የሚያንገበግበኝ።

ለገመቹ ስነግረው ይደነግጣል ብዬ ነበር። ማስመሪያ አምጥቶ ከነሐሴ ሥር አምስት ሣጥን አሳምሮ ሠራ። "በቃ፣ ለከርሞ አንሳሳትም" አለኝ።

ለከርሞ ጳጉሜማ ሕፃኑ ሦስት ወር ይሆነዋል።